ከነሰፌዱ የተመዘነ ቡና

ባለፈው ጥር ወር አንድ የፊዚክስ ተማሪ ጓደኛዬ የመመረቂያ ጽሑፉን ረቂቅ በብብቱ ይዞ ወደ መኝታ ክፍላችን መጣና «አንተ የቋንቋ ተማሪ ነህ፤ እባክህ እንግሊዝኛውን ብቻ አቃናልኝ፤ ፊዚክሱ አልቋል» አለኝ። እኔም የተማርሁት ትምህርት ለሰው የሚጠቅምበት ቀን መጣ ብዬ ደስ እያለኝ ተቀበልሁት። ዛሬ በዚህ መጽሔት ላይ ልናገር የምፈልገው ከዚያ ረቂቅ የተማርሁትን ነው። ነገሩ የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በሁለታችን መካከል በቀረ ነበር፤ ዳሩ ግን ለመመረቅ የሚጽፍ ተማሪ ሁሉ የሚወድቅበት ጕድጓድ ስለ ሆነ ዝም ማለቱ ደግ አልመሰለኝም።

ረቂቁ ሠላሳ ሁለት ገጽ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ካልዲ ስለሚባለው እረኛና ስለ ፍየሎቹ ያወራል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ገጽ ቡና የኢትዮጵያ ኤኮኖሚ ዋልታና ማገር መሆኑን ያስረዳሉ። ከአራተኛው እስከ ሃያኛው ያለው ስለ ሙቀትና ስለ ትነት ከየመጽሐፉ የተቀዳ ነው። ጓደኛዬ በገዛ እጁ የሠራው ሥራ፣ ማለትም አጋሮ አጠገብ በወላጆቹ ግቢ ሁለት የማድረቂያ አልጋ ሠርቶ፣ አንዱን በላስቲክ ሸፍኖ አንዱን ገላጣ ትቶ፣ እሸት ቡና እያሰጣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጧትና ማታ መመዘኑ፣ በሃያ አንደኛው ገጽ ላይ በአምስት መስመር ብቻ ተጠቅሶ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ሠንጠረዥ፣ ከሠንጠረዡ በኋላ ምስጋና ነው።

ሁለት ሌሊት ቁጭ ብዬ እንግሊዝኛውን አቃናሁት። ግሡን ከባለቤቱ ጋር አስማማሁ፤ ነጠላውንና ብዙውን ለየሁ፤ ነጠላ ሰረዙን በየቦታው አስገባሁ። በሦስተኛው ቀን መልሼ ባነበው ቋንቋው አምሯል፤ ሰውየው ምን እንደ ሠራ ግን አሁንም አልገባኝም። ነገሩ የቋንቋ ጉድለት ብቻ አለመሆኑ የታየኝ ያን ጊዜ ነው።

ለመሆኑ ካልዲ ከዚህ ጽሑፍ ውስጥ ምን ይሠራል? የፍየሎቹ ታሪክ በአውሮፓ በኅትመት የታየው እ.ኤ.አ. በ1671 ፋውስቶ ናይሮኒ የሚባል የማሮን ክርስቲያን ሊቅ ሮማ ላይ ባወጣው መጽሐፍ ነው፤ በዚያ መጽሐፍ ውስጥም ካልዲ የሚል ስም የለም። የጎማዋ ጮጬ «የቡና መገኛ እኔ ነኝ» ትላለች፤ ቦንጋም እንዲሁ ትላለች። ሳይንስ የሚመሰክረው የአረቢካ ቡና የትውልድ ቦታ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን መሆኑን ነው፤ በየትኛው ኮረብታ ላይ የትኛው እረኛ እንዳገኘው ግን ዳኛ ሆኖ አልፈረደም። ታሪኩ ደስ ይላል፤ ቡና እየጠጡ ቢያወሩት ያምራል። ነገር ግን ስለ ቡና ማድረቂያ ሙቀት በሚጽፍ ሰው ፊት ገጽ ላይ ሲቀመጥ ቦታ ከመሙላት በቀር ሥራ የለውም። እኛም ተማሮች ቦታ መሙላትን ከመጻፍ ጋር አንድ አድርገነዋል።

የሴሚስተሩ ዕረፍት ሲሆን ጓደኛዬ ወደ አጋሮ ይዞኝ ሄደ። እናቱ ቡና ያፈላሉ። አቦሉ እስኪወርድ ድረስ «እንግሊዝኛውን ተወውና ምን እንደ ሠራህ ንገረኝ» አልሁት። እሱም ለእናቱ በአፋን ኦሮሞ፣ ለእኔ በዐማርኛ እያለ ነገሩን ከሥሩ ይተርክልን ጀመር። እንዴት ያለ ጥሩ ትረካ ነበር! ሚዛኑን ከጎረቤት ሱቅ ተውሶ ማምጣቱን፣ ሚዛኑ ከዐሥር ግራም በታች የማያሳይ መሆኑን፣ በዘጠነኛው ቀን ነፋስ ላስቲኩን ገልጦት ማደሩን፣ አንድ ቀን ዶሮዎች ገብተው ናሙናውን መጫራቸውን፣ በኅዳር አጋማሽ ሦስት ቀን ያለ ወቅቱ ዝናብ መጣሉን፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል ነገረን። ከዚህ ሁሉ አንዱም ከረቂቁ ውስጥ የለም። «ለምን አልጻፍኸውም?» ብለው «ይህ እኮ ወሬ ነው፤ ሳይንስ አይደለም» ብሎ መለሰልኝ።

እናቱ ቶናውን እየቀዱ ሲያዳምጡ ቆይተው አንድ ነገር ጠየቁት። «ስትመዝን ከነሰፌዱ ነው?» አሉት። ከነሰፌዱ ነው፤ ሰፌዱን በመጀመሪያው ቀን ለብቻው መዝኖ 400 ግራም ሆኖ ስላገኘው በየቀኑ ከጠቅላላው ላይ ያንን ይቀንሳል። እናቱም ሣቅ ብለው «ዝናብ የመታው ሰፌድና የደረቀ ሰፌድ አንድ ነው እንዴ?» አሉት።

ጓደኛዬ ፊቱ ተለወጠ። ቀስ ብሎ ያልነገረኝን ነገር ነገረኝ። በእነዚያ ሦስት የዝናብ ቀኖች በገላጣው አልጋ ላይ የነበረው ቡና መቅለሉ ቀርቶ 150 ግራም ያህል ጨምሮ ነበር። «ቡና እየደረቀ እንዴት ይከብዳል? ተሳስቷል ይሉኛል» ብሎ ፈርቶ ሦስቱን ቀኖች ከሠንጠረዡ ላይ ሰርዟቸዋል። በዚያው ማታ ሰፌዱን አውጥተን ውሃ አርከፈከፍንበትና ውጪ አሳደርነው፤ ጧት ስንመዝነው 90 ግራም ጨምሯል። እንግዲህ ሰፌዱ ራሱ ውሃ ይጠጣል ማለት ነው። የቀረውን ቡናው ራሱ ከእርጥቡ አየር መልሶ ጠጥቶት ይሆናል፤ ወይም የኛ ማርከፍከፍ ከኅዳሩ ዝናብ አንሶ ይሆናል። ይህንን አናውቅም። ነገር ግን ጓደኛዬ ሦስቱን ቀኖች ሰርዞ ቢያስረክብ ኖሮ ከሥራው ሁሉ የሚበልጠውን ጥያቄ አብሮ በሰረዘው ነበር።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እኔ ሳይንሳዊ ጽሑፍ ማለት ምን እንደ ሆነ የገባኝ በዚያ ረከቦት አጠገብ ነው። ሳይንሳዊ ጽሑፍ ማለት አንባቢው እንደ እኚያ እናት «ከነሰፌዱ ነው?» ብሎ ለመጠየቅ የሚችልበት ጽሑፍ ነው። ጠያቂው መልሱን ከገጹ ላይ ካገኘው ጽሑፉ ሳይንስ ነው። ካላገኘው ግን እንግሊዝኛው የቱንም ያህል ቢያምር ጌጥ ነው።

ሁለተኛው ነገር የቁጥር ነገር ነው። በረቂቁ ላይ «ቡናው ከክብደቱ 60.09852 ከመቶ አጣ» ይላል። ከየት መጣ ብዬ ጠየቅሁ። 2.03 ኪሎ ገብቶ 0.81 ኪሎ ወጣ፤ የጠፋው 1.22 ኪሎ ነው፤ ይህ በ2.03 ሲካፈል ማሽኑ ያንን ሁሉ አኃዝ ያሳያል። ነገር ግን ሚዛኑ ከዐሥር ግራም በታች አያይም! ሚዛኑ ያላየውን ማስያ ማሽኑ ከየት አየው? እውነተኛው ቃል «60 ከመቶ ያህል፤ ግማሽ ከመቶ ያህል ወዲህ ወይም ወዲያ ሊል ይችላል» የሚለው ነው። ያ የአኃዝ ሰልፍ ትክክለኛነትን አያሳይም፤ ያላዩትን አየሁ ማለት ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ተረት በላቦራቶሪም ይሠራል።

ሦስተኛው የቃል ነገር ነው። በኛ አፍ ጉልበትም፣ ዐቅምም፣ ኀይልም እየተለዋወጡ ይነገራሉ፤ በሬውም ጉልበት አለው፣ ፀሐይም ኀይል አላት፣ ሰውም ዐቅም አለው እንላለን። ጓደኛዬም ይህንኑ ልማድ ወደ እንግሊዝኛው አሻግሮ ኢነርጂ ማለት ሲገባው ፓወር እያለ ጽፏል። በፊዚክስ ግን ልዩነቱ የመሬትና የሰማይ ነው። በዚያ አየር ሙቀት አንድ ኪሎ ውሃ ለማትነን 2.4 ሚሊዮን ጁል ያህል ኢነርጂ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ከቡናው ላይ የጠፋው 1.22 ኪሎ ውሃ 3 ሚሊዮን ጁል ያህል ወስዷል። ያው 3 ሚሊዮን ጁል በሦስት ሳምንት ቢገባ ወይም በሦስት ቀን ቢገባ ኢነርጂው አንድ ነው፤ ፓወሩ ግን ሰባት እጥፍ ይለያያል። የማድረቂያ አልጋ ሁሉ ጥያቄ ያ ነው። ቃሉን የሳተ ጥያቄውንም ሳተ።

አንዳንድ ሰዎች «ይህ የፈረንጅ ሥርዐት ነው፤ ለኛ አዲስ ስለ ሆነ ይከብደናል» ይሉ ይሆናል። እኔ ግን አልቀበልም። በአገራችን ሙግት የዐይን ምስክርና የጆሮ ምስክር አንድ ሆነው አያውቁም። «አየሁ» ያለ ሰው የት ቆሞ፣ በምን ሰዓት፣ በምን ብርሃን እንዳየ ይጠየቃል፤ «ሰማሁ» ያለ ከማን እንደ ሰማ ይናገራል። በዕለት ንግግራችንም የሰማነውን ስናወራ «አሉ» ብለን እንዘጋለን፤ የገመትነውን «ይመስለኛል» እንላለን። የሳይንስ ጽሑፍ ክፍሎች ይኸው ናቸው፤ ከሌሎች የሰማሁት፣ እኔ ያደረግሁት፣ ያየሁት፣ የመሰለኝ። አያቶቻችን በሸንጎ የጠበቁትን ሥርዐት እኛ በዩኒቬርሲቲ ለምን እናፈርሰዋለን?

ይህን ሥርዐት ማፍረስ ምን እንደሚያመጣ ከዚሁ ከጊቤ አገር አንድ ታሪክ አለ። አንቷን ዳባዲ የተባለው ፈረንሳዊ መንገደኛ እ.ኤ.አ. በ1843 ዛሬ ሊሙ ወደምንለው ወደ እናርያ ገባ። ይህ ሰው በሄደበት ሁሉ ኮረብታውን በመሣሪያ ይለካል፤ ከፍታውንም ውሃ አፍልቶ በቴርሞሜትር ያውቃል። በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በየ300 ሜትር ከፍታ አንድ ዲግሪ ያህል እየቀነሰ፣ ከ1,700 ሜትር በላይ በሆነችው በጅማ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላልና። ልኬቶቹን አንድ በአንድ መዝግቦ ከ1860 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አሳተማቸው። ይኸው ሰው ግን «የነጭ ዓባይ ምንጭ ጊቤ ነው» ብሎ ለዓለም ዐወጀ። እንግሊዛዊው መንገደኛ ቻርልስ ቤክ ተቃወመው፤ ኋላም ጊቤ ወደ ኦሞ፣ ኦሞም ወደ ቱርካና ሐይቅ እንጂ ወደ ዓባይ እንደማይሄድ ተረጋገጠ። ድምዳሜው ወደቀ፤ ልኬቶቹ ግን የአገሩን ካርታ ለሠሩ ሰዎች ጠቀሙ። ለምን? የለካውን ከገመተው ለይቶ፣ እንዴት እንደ ለካውም ገልጦ ስላስቀመጠው ነው። ሁሉን አደባልቆ ቢጽፈው ኖሮ ልኬቱም ከግምቱ ጋር አብሮ በተቀበረ ነበር።

ደግሞ የሩቁን ትተን የጎረቤት አፍሪቃዊ ተማሪ እንይ። ኤራስቶ ምፔምባ የተባለ የታንጋኒካ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1963 በትምህርት ቤቱ አይስክሬም ሲሠራ፣ ትኩሱ ወተት ከቀዘቀዘው ቀድሞ ሲረጋ አየ። አስተማሪው አሾፈበት፤ ጓደኞቹም ሣቁበት። እሱ ግን ያየውን አልሰረዘም። በኋላ ዴኒስ ኦስቦርን የተባሉ የዩኒቬርሲቲ መምህር ጥያቄውን ሰምተው ሞከሩት፤ በ1969 ሁለቱ በአንድነት ጽፈው አሳተሙት። ምፔምባ በዚያ ጽሑፍ ላይ ያየውን የተረከው በተራ ቃል ነው፤ ወተቱን፣ ማቀዝቀዣውን፣ መሣቂያ መሆኑን ሳይቀር። ነገሩ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ በ2016 ሁለት ተመራማሪዎች ደግመው በጥንቃቄ ለክተው እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን የሚያሳምን ማስረጃ እንዳላገኙ ጽፈዋል። ታዲያ ምፔምባ አፈረ ማለት ነውን? አይደለም። ሌላው ሊደግመው፣ ሊከራከረው በሚችል መንገድ ስለ ጻፈ ከስድሳ ዓመት በኋላም ስሙ ይነሣል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። በየዩኒቬርሲቲው ከተማ የመመረቂያ ጽሑፍ በገንዘብ የሚጽፉ ሰዎች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ዛሬ ደግሞ ገንዘብም አያስፈልግም፤ በእጅ ስልክ ላይ ያለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ካልዲንም፣ የኤኮኖሚውን ዋልታም፣ የትነቱን ቀመርም እንከን በሌለው እንግሊዝኛ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያቀርበዋል። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ብዙዎቻችን ዐይናችን በምርጫ ጥያቄ ላይ ነው፤ የመመረቂያውን ጽሑፍ እንደ ግብር ከፍለነው የምንገላገለው ዕዳ አድርገነዋል። እንግዲህ ሳይንሳዊ ጽሑፍ ማለት ያማረ እንግሊዝኛ ከሆነ ማሽኑ በልጦናልና እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ። ነገር ግን ማሽኑ ዶሮዎቹን አላየም። ላስቲኩ በዘጠነኛው ቀን መገለጡን፣ ሰፌዱ ውሃ መጠጣቱን አያውቅም። ይህንን የሚያውቀው አጋሮ ላይ ጧት ማታ የመዘነው ልጅ ብቻ ነው፤ እሱም ወሬ ነው ብሎ ጥሎት ነበር። የሌለንን ጌጥ ስንፈልግ ያለንን ወርቅ እየጣልን ነው።

እንግሊዝኛ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ከጅማ ውጪ ያለው የፊዚክስ ዓለም የሚያነበን በእንግሊዝኛ ነው፤ የውጭ ትምህርት ዕድል የሚፈልግም በደንብ ሊማረው ይገባል። እኔም የምማረው ቋንቋ ስለ ሆነ አላቃልለውም። የምለው ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል ነው። ሐሳቡ ሳይጠራ ቋንቋው አይጠራም። «ተመዘነ» ብሎ ማን እንደ መዘነው መሸፈን ከሳይንስ የሚቈጥረው አለ፤ ይሁን እንጂ በዐማርኛ «መዘንሁ» ስንል ሠሪው ከግሡ ውስጥ ቆሞ ይታያል፤ ለጥያቄም ይቀርባል። ዛሬ ብዙ የሳይንስ መጽሔቶችም ጸሐፊው «እኔ» ወይም «እኛ» እያለ እንዲጽፍ ይፈቅዳሉ።

የአንድ መዝገብ ጥቅም ምን ያህል እንደ ሆነ ለማየትም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ለጋውን የቡና ፍሬ አጥቁሮ የሚያረግፈው በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ታየ፤ ገበሬውም ተጨነቀ። በመልኮ የምርምር ማዕከል የሚሠሩ ሰዎች በየደኑ እየዞሩ፣ ሌላው ሲያልቅ በሽታውን ተቋቁመው የቆሙትን ዛፎች አንድ በአንድ በቁጥር መዘገቡ። ዛሬ ገበሬው የሚተክላቸው 74110ና 74112 ከመቱ አካባቢ የተገኙ ናቸው፤ የፊተኞቹ ሁለት አኃዞች ዛፎቹ የተመረጡበትን 1974ን (እ.ኤ.አ.) ያመለክታሉ። የተመራማሪው ማስታወሻ ራሱ የቡናው ስም ሆኖ ቀረ ማለት ነው! አንድ ሰው ያን ጊዜ የማይመቸውን ዛፍ እንደ ጓደኛዬ ሰርዞት ቢሆን ኖሮ ስንት ጓሮ ባዶ በቀረ?

ስለዚህ ለማኅበራችንና ለመምህራኖቻችን የማቀርበው አሳብ አጭር ነው። የፊዚክስ ተማሪ ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ በቀለም የሚጻፍ፣ የተሳሳተው በአንድ መስመር ተሰርዞ የሚነበብ እንጂ የማይፋቅ ደብተር ይያዝ። መምህራን ለተሳካው ውጤት ብቻ ሳይሆን ያልተሳካውን በግልጽ ለተናገረም ነጥብ ይስጡ። ማኅበራችን በሳምንት አንድ ማታ የሥነ ጽሑፍና የሳይንስ ተማሮች ረቂቃቸውን ጮክ ብለው የሚያነቡበት ጉባኤ ያቁም፤ እኛ የቋንቋ ተማሮችም ነጠላ ሰረዝ ከማስገባት አልፈን «ከነሰፌዱ ነው?» ብለን መጠየቅ እንልመድ። በመጨረሻም፣ የቡና ገበሬ ግቢ ገብቶ የለካ ተማሪ ሁሉ ያገኘውን በአፋን ኦሮሞ ወይም በዐማርኛ በአንድ ገጽ ጽፎ ለባለግቢው ይመልስ። ገበሬው ጀንፈሉን በእጁ ነቅንቆ በድምፁ መድረቁን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ሐሰቱን ከመርማሪው ቀድሞ ይለየዋል።

ጓደኛዬ ጽሑፉን እንደ ገና ጻፈው። ሠላሳ ሁለቱ ገጽ አሥራ ዘጠኝ ሆነ። ካልዲ ወጣ፤ ሦስቱ የዝናብ ቀኖች ተመለሱ፤ ዶሮዎቹም አንድ ዐረፍተ ነገር አገኙ። «ገጹ አነሰ ብለው ነጥብ ይቀንሱብኛል» ብሎ ይፈራል፤ ይቀንሱበትም ይሆናል፤ እስካሁን አልተወሰነም። በምስጋናው ገጽ ላይ ግን ከመምህራኑ ስም ቀጥሎ የእናቱን አስገብቷል፤ ምክንያቱንም ሳይደብቅ «ሰፌዱን ስለ ጠየቁኝ» ብሎ ጽፏል። እኔ ያንን ዐረፍተ ነገር እንዳላርመው ለመነኝ። የሚታረም ነገርም አላገኘሁበትም።